ዋሱ ማን ነው?

በሀብሩ ወረዳ፣ ከመርሳ ከተማ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ በምትርቅ መንደር፣ ሁለት በሬ ያለው ገበሬ ነበር። አንዱ ዳለቻ፣ ሌላው ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ቦራ። ዳለቻው ዕድሜው ገፍቷል፤ ግን ፀሐይ እስክትጠልቅ ያርሳል። ቦራው ወጣት ነው፤ ሻኛው የቆመ፣ ቆዳው የሚያብለጨልጭ፣ ያየው ሁሉ የሚመኘው በሬ። አንድ ነገር ብቻ አለበት። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ትልም መሃል ይተኛል። አንዴ ከተኛ በጅራፍም በልመናም አይነሳም። ቀንበሩ ተፈትቶለት፣ ጥላ ሲረዝም፣ በራሱ ጊዜ ይነሳል። ይህን የሚያውቁት ገበሬው፣ ሚስቱና ሴት ልጁ ብቻ ነበሩ።

ልጅቱ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። ዩኒቨርሲቲው በ2004 ዓ.ም. ሲጀመር እሷ ገና ሀሁ የምትቆጥር ሕፃን ነበረች፤ አሁን የኮምፒውተር ትምህርት ደርሷት ሁለተኛ ዓመት ሆናለች። ላፕቶፕ ስለሌላት ጓደኞቿ እስኪተኙ ትጠብቅና ተውሳ ሌሊት ትሠራለች። አንድ ቀን ለአባቷ ደወለችና መናገር ጀምራ አለቀሰች። የልጅ ለቅሶ በስልክ ሲመጣ ምን እንደሚያደርግ የወለደ ያውቀዋል። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ገበሬው ቦራውን ነድቶ መርሳ ከብት ተራ ወረደ።

ገዢው ከሲሪንቃ በኩል የመጣ፣ ዕድሜው ከእሱ የሚቀራረብ ሰው ነው። ጥርሱን ከፍቶ አየ። ሻኛውን በመዳፉ ለካ። ጅራቱን ይዞ ወደ ፊት አስኬደውና ከኋላ ሆኖ አረማመዱን ተመለከተ። ከዚያ ከብት ገዢ ሁሉ የሚጠይቀውን ጠየቀ።

«ነውር አለበት?»

ገበሬው ዓይኑን ወደ ብርቱካን ሻጮቹ አዞረ።

«እንደምታየው ነው፣ ወንድሜ።»

ውሸት አልተናገረም። ጊዜው ጧት ነው፤ በሬውም ቆሟል። በገጠር ገበያ ከብት ሲሸጥ ዋስ መጥራት የቆየ ልማድ ነውና አንድ ጎረቤት በሬው የተሰረቀ እንዳልሆነ ዋስ ሆነ። ቀትር ላይ ለመተኛቱ ዋስ የጠራ የለም። ገንዘቡ ተቆጠረ፤ ገበሬው ብሩን በመሃረብ ጠቅልሎ ደረት ኪሱ ውስጥ አስገባ።

በማግስቱ ከመርሳ ሚኒባስ ተሳፈረ። ወልድያ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ልጁን ከግቢው በር ላይ ተቀብሏት አብረው ወደ አንድ ሱቅ ገቡ። ከመደርደሪያው በላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ባለሱቁ ፊቱ ብሩህ፣ አንደበቱ የለሰለሰ ወጣት ነው፤ ካርቶኑን ቀዶ ላፕቶፑን አወጣና ከፈተው። አረንጓዴ ተራራ፣ ሰማያዊ ሐይቅ ያለበት ሥዕል ስክሪኑን ሞላው። ገበሬው እንደ ልማዱ የላፕቶፑን ጀርባ በመዳፉ ዳሰሰ።

«ነውር አለበት?»

«እንደሚያዩት ነው፣ አባባ። ብራንድ ኒው ነው፤ ፓክድ። የአንድ ዓመት ዋራንቲም አለው።»

«ዋራንቲ ምንድን ነው?»

«ዋስትና ማለት ነው፣ አባዬ፣» አለች ልጅቱ።

«እንግዲያ ዋሱ ማን ነው?»

ባለሱቁ ከካርቶኑ ሥር ትንሽ መጽሐፍ አወጣ። ፊደሉ እንደ ጉንዳን የተንጋጋ፣ ከዳር እስከ ዳር እንግሊዝኛ ነው። «ይኸው፣ ዋሱ ይህ ነው።»

«ይህማ ወረቀት ነው። የተበላሸ ለት የማንን በር ነው የማንኳኳው?»

«አብሽሩ፣ አባባ!»

ወሎ ውስጥ አብሽር ቀላል ቃል አይደለም። ሐዘንተኛ ቤት ይባላል፤ በሽተኛ ራስጌ ይባላል፤ መንገድ ለሚወጣ ልጅ ይባላል። ያለው ሰው ከሌላው ጭንቀት ላይ ትንሽ ወደ ራሱ ትከሻ እንደወሰደ ይቆጠራል። ገበሬው በዚህ ቃል ተማምኖ መሃረቡን ፈታ። ልጅቱ ግን «ደረሰኝ ይቁረጡልን» አለች፤ ተቆረጠ።

በሦስተኛው ሌሊት መብራት ጠፋ። ዶርሙ ጨለመ፤ ልጅቱ በባትሪ ትሠራ ነበር። ጥቁር ገጽ ላይ ነጭ ጽሑፍ እየጻፈች ሳለ ከስክሪኑ ቀኝ ላይኛው ጫፍ አንዲት አረንጓዴ ነጥብ አየች። አቧራ መሰላት። በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። አለ። ምራቋን ጣቷ ላይ አድርጋ ነካችው። አለ። ገጹን ስታንቀሳቅስ ጽሑፉ ሁሉ ሄደ፤ ነጥቧ ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም። የጤፍ ፍሬ ራሷ ብዙ እጥፍ ትበልጣታለች። ግን በዚያ ጨለማ ውስጥ፣ ከበሬ ዋጋ ጋር ተመዝና ስትታይ፣ ልጅቱ ከእሷ ሌላ የሚታያት ነገር አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአሁኑ ጊዜ የብዙ ላፕቶፖች ስክሪን 1,920 በ1,080 ነጥቦች አሉት፤ ሲባዛ 2,073,600። እያንዳንዷ ነጥብ፣ ፒክስል የሚሏት፣ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ የሆኑ ሦስት ጥቃቅን መስኮቶች ናት። ከኋላ መብራት አለ፤ መስኮቶቹ እየተከፈቱና እየተዘጉ ሥዕሉን ይሠራሉ። ከ6 ሚሊዮን መስኮቶች አንዷ ተከፍታ ከቀረች ጨለማ ውስጥ ታበራለች፤ ሦስቱም ተዘግተው ከቀሩ ነጭ ገጽ ላይ ጥቁር ነጥብ ይቀመጣል። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው 9241-307 በተባለው መስፈርት ውስጥ ብዙ አምራቾች የሚጠቅሱት ሁለተኛው ምድብ፣ በየ1 ሚሊዮኑ ነጥብ ሁልጊዜ የምታበራ እስከ 2፣ ሁልጊዜ የጠቆረች እስከ 2፣ አንድ መስኮቷ ብቻ የተበላሸ ደግሞ ከዚያ በለጥ ያለ ቢገኝ ስክሪኑን ጤነኛ ይለዋል። ይህ በራሱ ማታለል አይደለም፤ ስድስት ሚሊዮን መስኮት ያለ አንዲት እንከን መሥራት ከባድ ነው። እኔን የሚያሳዝነኝ ይህን የሚያውቅ ሰው ለማያውቀው ሳይነግር መሸጡ ነው። ሱቅ ውስጥ ደግሞ ስክሪን ሁልጊዜ የሚታየው በተራራና በሐይቅ ሥዕል ነው። በሥዕል ውስጥ ነጥብ አይታይም። ገንዘብ ከመቆጠሩ በፊት ስክሪኑን መጀመሪያ ሙሉ ጥቁር፣ ከዚያ ነጭ፣ ከዚያ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ አድርጎ ማየት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ክዳኑን ቀስ ብሎ እየከፈቱ እየዘጉ ማየትም እንዲሁ።

የክዳኑ ነገር የመጣው በስድስተኛው ቀን ነው። ልጅቱ ላፕቶፑን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ክዳኑን ትንሽ ወደ ኋላ ስትገፋው ስክሪኑ ብልጭ ድርግም አለ፤ ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ መስመር ወረደበት። ወደ ፊት ስትመልሰው ጠፋ። ወደ ኋላ፤ መጣ። በማግስቱ አባቷ ከመርሳ መጥቶ አብረው ወደ ሱቁ ሄዱ።

ባለሱቁ ነጥቧን አይቶ «ይቺ በካምፓኒው ሕግ አትቆጠርም» አለ። መስመሩን አይቶ «ይህ መጫን ነው፤ የሆነ ነገር ተጭኖታል፤ ስብራት ደግሞ ዋራንቲ አይሸፍነውም» አለ። አልተጫነም ሲሉት፣ እንግዲያው አዲስ አበባ ካለው ጥገና ማዕከል ራሳችሁ አድርሱት አለ። አዲስ አበባ ከወልድያ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ባለሱቁም ዕቃውን የገዛው አዲስ አበባ መገናኛ ካለ አከፋፋይ፣ አከፋፋዩም ከዱባይ ነው፤ ሁሉም ጣቱን ወደ ላይ ይቀስራል። ከሌላ አገር ገበያ ዞሮ የመጣ ላፕቶፕ ደግሞ የአምራቹ ዋስትና እዚህ ይሠራ እንደሆነ የሚታወቀው ከታች የተጻፈው ሲሪያል ቁጥር በአምራቹ ድረ ገጽ ላይ ሲታይ ነው። በዚያ ሱቅ ያን ያየ አልነበረም። ሰሜን ወሎ ባለፉት ዓመታት ጦርነት አይቷል፤ መንገድ ተዘግቶበታል፤ ኢንተርኔት ተቋርጦበታል። እንዲህ ባለ ጊዜ የዋራንቲው ዓመት ቆሞ አይጠብቅም።

ጥቂት ሱቆች አለፍ ብሎ ያለ የጥገና ልጅ ላፕቶፑን አየላቸው። «ከሰሌዳው ወደ ስክሪኑ የሚሄደው ሽቦ በማጠፊያው በኩል ያልፋል። እሱ ነው የተቆነጠጠው። በግማሽ ቀን እሠራዋለሁ» አለ። ከዚያ ገልብጦ አንዱ ብሎን ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አሳያቸው። «ግን ይህን ከቀደድኩት ዋራንቲው እምቢ ሊላችሁ ይችላል።» ገበሬው ግራ ገባው። የሚሠራለት ሰው አጠገቡ ቆሟል፤ የማያየው ዋስ ግን እጁን ያዘው።

የፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጃንጥላ ዘርግተው የሚቀመጡ ራፖር ጸሐፊ ነበሩ። ገበሬው አጠገባቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ሁሉንም ነገራቸው። ሽማግሌው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ።

«ሱቁ ውስጥ የተለጠፈው ሕግ አይደለም፣ ወንድሜ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ ነው ይላል። ወረቀት ሰጠህም አልሰጠህም፣ ሕጉ የሚያውቀው የሸጠልህን ሰው ነው። ገዢም ዕቃውን ቶሎ መርምሮ፣ ጉድለት ያገኘ እንደሆነ ሳይውል ሳያድር ለሻጩ ማስታወቅ አለበት ይላል። የሸማቾች ጥበቃው አዋጅ፣ 813/2006፣ ደግሞ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በገዛ በ15 ቀን ውስጥ ይለወጥልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስልኝ ማለት ይችላል ይላል። ስንተኛ ቀንህ ነው?»

«ሰባተኛ።»

«ደረሰኝስ?»

ልጅቱ ከደብተሯ ውስጥ አወጣችው።

«የተባረክሽ! ያቺን መጽሐፍ ደግሞ ብዙ አትመኑባት። ከመርሳ ወደ ደሴ ስትሄድ፣ ውርጌሳን አልፈህ፣ ውጫሌ አለች። እዚያ ይስማ ንጉሥ በተባለው ቦታ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ከጣሊያን ጋር የተፈረመው ውል አንቀጽ 17 በአማርኛ ሌላ፣ በጣሊያንኛ ሌላ ነበር። በአማርኛው አፄ ምኒልክ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለመነጋገር በጣሊያን መጠቀም ይችላሉ፤ በጣሊያንኛው ግን ግዴታ ነው። ያ ወረቀት መጨረሻው ዓድዋ ሆነ። ያንተም ባለሱቅ በአማርኛ አንድ ዓመት አለህ፤ መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ምን እንደሚል እሱም አላነበበው ይሆናል።»

ብዕራቸውን አነሡ። «በል፣ ስትገዛ ነውር አለበት ወይ ብለህ ጠይቀኸው ነበር?»

«ጠይቄዋለሁ።»

«ምን አለህ? ቃሉን እንዳለ ንገረኝ።»

ገበሬው አፉን ከፈተና ዝም አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ «እንደሚያዩት ነው አለኝ» አለ።

ሽማግሌው ጻፉና ጮክ ብለው አነበቡለት። «ጉድለቱን ማወቅ ሲገባው፣ እንደሚያዩት ነው ብሎ ስላታለለኝ...»

«ይቆዩ፣» አለ ገበሬው።

የጸሐፊውን ዋጋ ከፈለ። ወረቀቱን አራት አጥፎ፣ ሳይፈርምበት፣ ብሩ የነበረበት መሃረብ ውስጥ አስገባው። ልጅቱ ምን ሆንክ ብትለው አልመለሰላትም።

በዘጠነኛው ቀን ጧት ዳለቻውን ፈትቶ ወደ ሲሪንቃ ነዳው። ሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል ያለበት ቦታ ነው፤ አንድ ዘር ለገበሬ እጅ ከመድረሱ በፊት ዓመታት ይፈተናል። ገበሬው ያን መንገድ ስንት ጊዜ አልፎበታል፤ የዚያን ቀን ግን ለሙከራ የተዘራውን ማሳ እያየ ቀስ ብሎ ሄደ።

ሲደርስ ፀሐይ አናት ላይ ናት። ዝናብ ጥሎ ሰው ሁሉ እርሻ ላይ ነው። ቦራው ግማሽ ትልም ላይ ተኝቷል፤ ሞፈሩ ተጋድሟል፤ ገዢው አጠገቡ ቁጢጥ ብሎ በቅል ውሃ ይዞለታል።

«እንኳን መጣህ፣ ወንድሜ። ወላሂ፣ ምን እንዳደረግሁት አላውቅም። አራት ቀን ሙሉ እንዲህ ነው። ብዙ ደክሞት ይሆን ብዬ ትናንት አሳረፍኩት። ሚስቴ ዓይን በልቶት ነው ብላ አጠነችው። ጤነኛ በሬ ሰጥተኸኝ እኔ አበላሸሁብህ መሰለኝ።»

ገበሬው ይህን አልጠበቀም። ሊሰደብ ተዘጋጅቶ ነበር የሄደው። ሰውየው ግን ጥፋቱን ከራሱ እየፈለገ ነው።

«በሬው ጤነኛ ነው፣» አለ። «ድሮም ቀትር ላይ ይተኛል። አውቅ ነበር።»

ገዢው ቅሉን አስቀመጠ። አንድ ጓል አንሥቶ በጣቶቹ መሃል እስኪደቅ ፈጨው። ብዙ ቆየ።

«ነግረኸኝ ቢሆን እኮ እገዛህ ነበር። ዋጋውን ትንሽ ታወርድልኝና እገዛህ ነበር። ጧት ጧት አርስበት ነበር።»

ገበሬው ዳለቻውን በገመዱ አቀበለው። «ብርህ ወልድያ ሱቅ ውስጥ ነው፤ ዛሬ አምጣ ብትለኝ የለኝም። ይህ አርጅቷል፤ ግን እስከ ማታ ያርስልሃል። የዋጋውን ልዩነት ከመኸር በኋላ አመጣልሃለሁ። ዋስ ጥራ በለኝና ልጥራ።»

«ዋስ ምን ያደርግልኛል? አንተ መጥተሃል።»

ጥላ ሲረዝም ቦራው ተነሣ። ገበሬው ይዞት ተመለሰ።

በአሥራ አንደኛው ቀን አባትና ልጅ እንደገና ሱቁ ውስጥ ቆሙ። ገበሬው የታጠፈውን ማመልከቻ ጠረጴዛው ላይ አኖረ፤ አልዘረጋውም። ከዚያ የበሬውን ታሪክ፣ ከብርቱካን ሻጮቹ ጀምሮ እስከ ቅሉ ውሃ ድረስ፣ ለባለሱቁ ነገረው። ራሱን አላሳመረም። ሱቁ ውስጥ ቻርጀር ሊገዙ የገቡ ሁለት ተማሪዎች ነበሩ፤ እነሱም ሰሙ።

«ልጄ፣ እኔና አንተ አንድ ቃል ነው የተናገርነው። አንተ ዱባይ የሚባለውን አገር ታውቀዋለህ፤ እኔ የማውቀው አንተን ነው። አብሽር ያልከኝ አንተ ነህ።»

ባለሱቁ ላፕቶፑን ወደ ራሱ አዞረ። ክዳኑን በጣቱ ጫፍ ቀስ እያደረገ ወደ ኋላ ገፋው። መስመሩ መጣ። መለሰው፤ ጠፋ። ሦስት ጊዜ እንዲህ አደረገ። ከዚያ ስክሪኑን ሙሉ ጥቁር አደረገና የሱቁን መብራት አጠፋ። አራቱም፣ አምስተኛው ገበሬው ሆኖ፣ በዝምታ ያቺን አረንጓዴ ነጥብ አዩ።

መብራቱን አበራ። ደረሰኙን ገልብጦ በእጁ ጻፈበት፤ ቀኑን፣ ሲሪያል ቁጥሩን፣ የመስመሩን ነገር፣ የነጥቧን ነገር። ከሥሩ ስሙንና ስልኩን ጻፈና ፈረመ። «አዲስ አበባ እኔ እልከዋለሁ። የመኪናው እኔን ይመለከታል። ዋሱ እኔ ነኝ» አለ። ድምፁ ትንሽ ተሰብሮ ነበር። ገበሬው ማመልከቻውን አንሥቶ ወደ መሃረቡ መለሰ።

ሳምንታት አለፉ። ልጅቱ እንደገና በተውሶ፣ እንደገና ሌሊት ትሠራለች። ገበሬው በአንድ በሬ ማረስ አይችልምና ማሳውን ከጎረቤት ጋር ተቀናጅቶ አረሰ፤ ጧት ጧት ቦራውን ከጎረቤቱ በሬ ጋር እየጠመደ። በገበያ ቀን ቦራውን ነድቶ መርሳ ወረደ። ሰው ከበበው። ጥርስ ተከፈተ፤ ሻኛ ተለካ።

«ነውር አለበት?»

«ቀትር ላይ ይተኛል። አንዴ ከተኛ አይነሳም። ጧት ግን እንደሱ የሚያርስ የለም።»

ሰዎቹ ተያዩ። አንዱ ሄደ፤ ሌላው ሄደ። አንድ ሽማግሌ ቆም ብለው ዋጋ ጠየቁ፤ በጣም ዝቅ ያለ ዋጋ ሰጡ፤ እሱም አልሰጠም፤ እሳቸውም ሄዱ። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ቦራው ከብት ተራው መሃል በጉልበቱ ተንበረከከና ተኛ። ገበሬው አጠገቡ ቁጭ አለ።

ስልኩ ጮኸ። ልጅቱ ናት።

«አባዬ፣ መጣ! ሽቦውን ቀይረውታል። ክዳኑን እስከ መጨረሻ ከፍቼ አየሁት፤ መስመር የለም።»

«ነጥቧስ?»

«ነጥቧ አለች። ለእሷ ስክሪን አንቀይርም ብለዋል። ባለሱቁ ራሱ ደውሎ ነገረኝ፤ ልወስደው ሳልሄድ፣ ሳልጠይቀው። ቅር ካለሽ ከዋጋው ላይ እቀንስልሻለሁ አለኝ።»

«ጥቁር አድርገሽ አየሽው?»

«አየሁት፣ አባዬ። ያችው አንዷ ብቻ ናት።»